የመርዶ ፊት

ጠዋት የሰው በር ሳንኳኳ ከፍቶ ያየኝ ሁሉ መጀመሪያ የሚጠይቀኝ «ማነው የሞተው?» ብሎ ነበር። «እንደምን አደርሽ» የሚለው ማንም እንዳልሞተ ከተረጋገጠ በኋላ ነው የሚመጣው።

ጥፋቱ የፊቴ ነው። ሃምሳን ካለፍኩ በኋላ ጉንጮቼ ወደ አገጬ፣ አገጬ ወደ አንገቴ መውረድ ጀመሩ። የከንፈሬ ጫፎችም ብቻቸውን ላለመቅረት ተከተሏቸው። ደስ ብሎኝ፣ ጠግቤ፣ ምንም ሳላስብ ቁጭ ባልኩበት ሰው አጠገቤ መጥቶ «አይዞሽ፣ ሁሉም ያልፋል» ይለኛል። መጀመሪያ ላይ «ምኑ ነው የሚያልፈው?» እያልኩ እከራከር ነበር። በኋላ ሰለቸኝና «አሜን» ማለት ጀመርኩ።

አስተማሪ ነበርኩ፤ አሁን ጡረታ ላይ ነኝ። በሥራ ዘመኔ መጨረሻ ይህ ፊት ጠቅሞኛል። ክፍል ስገባ ጫጫታው በራሱ ጊዜ ይቆማል፤ ልጆቹ ርዕሰ መምህሩ የሞቱ ይመስላቸዋል። ጡረታ ከወጣሁ በኋላ ደግሞ ፊቴ ሌላ ሥራ አገኘ። የሰፈራችን እድር ቀጠረው።

እኛ ሀና ማርያም አካባቢ፣ መርዶ የሚነገረው ጎህ ሲቀድ ነው። ሰው ሩቅ አገር ያለ ዘመዱ ሲሞትበት እድሩ ቀድሞ ይሰማል። ሌሊቱን ይተኛ ተብሎ ይደበቅለታል። ጠዋት ጎረቤቱ ነጠላውን አዘቅዝቆ፣ ሽማግሌ ይዞ ከአጥሩ ውጪ ይሰበሰባል። እስከዚህ ድረስ ችግር የለም። ችግሩ ማን አፍ አውጥቶ ይናገር የሚለው ነው። ይህ በደንባችን የእድሩ ዳኛ ሥራ ነው። የእኛ ዳኛ ግን የጭነት መኪና ሾፌር ሆነው ያረጁ፣ ድምፃቸው መንገድ የሚያስለቅቅ ትልቅ ሰው ሆነው «ሞተ» የሚለውን ቃል ከአፋቸው ማውጣት አይችሉም። ስለ ጤና ይጠይቃሉ፣ ስለ ዝናቡ ያወራሉ፣ ባለ ሐዘኑ ራሱ እስኪገባው ይዞራሉ። አንዴ የአንዲት ሴትዮን አባት ሞት ሊናገሩ ገብተው ስለ ጤፍ ዋጋ ተጫውተው ወጡ። ሴትዮዋ እስከ በር ሸኘቻቸው።

በሌላ ቀን እንዲሁ ለመርዶ ሄደን እሳቸው ደጅ ላይ ጉሮሯቸውን ሲጠርጉ እኔ ብርዱን ሸሽቼ ቀድሜ ገባሁ። የቤቱ ባለቤት ፊቴን አየና «ወይኔ እናቴን!» ብሎ ጮኸ። እውነትም የሞተችው እናቱ ነበረች። ዳኛው ይህን አዩ። ከዚያ ቀን ጀምሮ መርዶ ሲኖር «አስተማሪ፣ እርስዎ ይቅደሙ» ይሉኛል። እገባለሁ፣ ቤቱ መሃል እቆማለሁ፣ ዝም እላለሁ። ነጠላዬን እንኳ አላዘቀዝቅም፤ መንገድ ላይ ያየኝ ሰው ቀድሞ እንዳይጮህ። የቀረውን ፊቴ ይጨርሰዋል። እኔም አልተከፋሁበትም። ሰው አንድ የሚጠቅምበት ነገር ሲኖረው ጥሩ ነው፤ ሌላው በዘፈኑ፣ ሌላው በወጡ ይታወቃል።

የተከፋሁት በጓደኛዬ በኩል ሲመጣ ነው።

ጓደኛዬ ከእኔ ግቢ ፊት ለፊት ነው የምትኖረው። ወደዚህ ሰፈር የገባነው በአንድ ክረምት ነው፤ ያኔ ከአጥሯ ጀርባ ስንዴ ይዘራ ነበር፣ ጭቃው ደግሞ ጫማ ይበላል። ደህና ጫማችንን በፌስታል ይዘን እስከ ሀይሌ ጋርመንት በቦቲ እንሄድና ታክሲ ስንይዝ እንቀይራለን። ቦቲውን ተራ በተራ አንድ ሱቅ ጥግ እናስቀምጣለን። እንዲህ ነው የተዋወቅነው። በኋላ የእሷ ባል ሞተ፣ የእኔ ሌላ አገባ፤ ለሁለቱም አብረን አለቀስን፣ ለእሷ ባል ትንሽ በለጥ አድርገን። የቡታጅራ ልጅ ናት፣ ቅቤና ቆጮ ነግዳ ልጆቿን ያሳደገች። ስትስቅ ሳቋ አስፋልቱን ተሻግሮ እኔ ግቢ ይገባል። ጠዋት ጠዋት፣ ልጆቹ ሥራ ሲሄዱ፣ ሳላንኳኳ እገባለሁ፤ ፀሐይ ላይ ቁጭ ብለን የሰፈሩን ሰው አንድ በአንድ እናነሳለን።

ታናሽ ወንድም ነበራት፣ ቡታጅራ። እናታቸው ስትሞት በጀርባዋ አዝላ ያሳደገችው እሷ ናት፤ ፂሙ ሸብቶም «ልጄ» ነው የምትለው። የኩላሊት ሕመምተኛ ነው። ስልክ በጮኸ ቁጥር ልቧ እሱ ጋ ይሄዳል።

አንድ እሑድ ጠዋት ለድግስ ያዋሰችኝን ትልቅ ድስት ልመልስ ሄድኩ። በሩን ከፈተች፣ ፊቴን አየች፣ «ወንድሜን!» ብላ መሬት ላይ ተዘረረች። እኔ ድስቱን እንዳቀፍኩ «ድስት ነው! ድስት ነው!» እላለሁ። ማን ይስማኝ። ደም ግፊቷ ወጥቶ ጤና ጣቢያ ወሰዷት፤ ግማሹ ሰፈር ነጠላውን አዘቅዝቆ ተከተላት። ቡታጅራ ሲደወል ወንድሟ ከእንቅልፉ ተነስቶ «ምን ሆናችኋል?» አለ። ድስቱ በዚያ ሁሉ ግርግር መሃል እጄ ላይ ቀረ።

ማታ ልጇ መጣች። ጨዋ ልጅ ናት፣ ቁጭ በይ ብላትም አልተቀመጠችም። «እትዬ፣ አይቀየሙኝና... ከመምጣትዎ በፊት ቢደውሉልን። ከተቻለ ደግሞ ከሰዓት በኋላ ቢሆን» አለችኝ።

«እሺ ልጄ» አልኳት። ከፋኝ። በጣም ከፋኝ። ባሌ ሲሄድ እንዲህ አልከፋኝም፤ እሱ ቢያንስ ፊትሽ ነው አላለኝም። ከዚያ በኋላ በስንት ቀን አንዴ ደውዬ፣ ከሰዓት፣ እንደ እንግዳ መሄድ ጀመርኩ። ልጆቹ ለስላሳ ይከፍቱልኛል። እሷም እኔም ለስላሳ አንወድም።

ለልጄ ያማረርኩት ያኔ ነው። ብስራተ ገብርኤል ነው የምትኖረው፣ ባንክ ትሠራለች፤ ማንኛውም ችግር በስልኳ ውስጥ መፍትሔ ያለው ይመስላታል። ስልኳን አውጥታ የአንዲት ሴትዮ ሁለት ፎቶ አሳየችኝ። አንዱ «በፊት»፣ ሌላው «በኋላ» ይላል። በፊት የሚለው ላይ ሴትዮዋን የሆነ ሰው የሰደባት ይመስላል። በኋላ የሚለው ላይ ይቅርታ ተጠይቃለች።

«እማዬ፣ ቀዶ ጥገና አይደለም። መርፌም የለውም። አልትራሳውንድ ነው» አለችኝ።

«አልትራሳውንድ ፊት ላይ ምን ሊያገኝ?»

«ሊያይ አይደለም፣ ሊያጠብቅ ነው። እኔ ነኝ የማሳክምሽ፣ አትጨቃጨቂ።»

ተጨቃጨቅሁ። ከዚያ የጓደኛዬ በር ትዝ አለኝና ሄድኩ።

ክሊኒኩ ሀይሌ ጋርመንት አደባባይ አጠገብ፣ ከታች ሴራሚክ የሚሸጥበት ሕንፃ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነው። ሊፍቱ አይሠራም። ፊታቸው የወረደ ሰዎች ሁሉ በእግራቸው ይወጣሉ። ስደርስ አንዲት ማስክ ያደረገች ወጣት ሐኪም ተቀበለችኝ። ስለ ጤንነቴ ጥያቄ ጀመረች፤ ልብዎ ላይ የተገጠመ መሣሪያ አለ? ፊትዎ ውስጥ ብረት አለ? እርጉዝ ነዎት?

«እስካሁን አልሰማሁም» አልኳት።

ጻፈችው።

ከዚያ ፎቶ ልታነሳኝ ግድግዳ ሥር አቆመችኝ። «ማዘር፣ ፊትዎን ዘና ያድርጉት» አለችኝ።

«ዘና አድርጌዋለሁ።»

«አይ፣ አሁን ያዘኑ ይመስላሉ።»

«ዘና ስል እንዲህ ነኝ።»

ካሜራውን ዝቅ አድርጋ ትንሽ አየችኝ። «እሺ፣ ለዚህ ነው የመጡት» አለችና አነሳችኝ።

አልጋው ላይ አስተኝታ በነጭ እርሳስ ፊቴ ላይ መስመር አሰመረች፤ ከጆሮ እስከ አገጭ፣ ከአገጭ እስከ ዓይን ሥር። እያሰመረች ታስረዳኛለች። መሣሪያው ድምፅ ነው የሚልከው፤ ጆሮ የማይሰማው ድምፅ። ከቆዳው ሥር ገብቶ ያሞቃል። ሰውነት የተጎዳ ይመስለውና ለመጠገን ይነሳል፤ ሲጠግን ደግሞ ያጠብቃል። ለውጡ ቀስ ብሎ በሁለት በሦስት ወር ነው የሚታየው፤ ለዘለዓለምም አይደለም፣ ዓመት ገደማ ሲሆነው ይመለሳል። «ተአምር አይጠብቁ» አለችኝ። ይህን ስትል ወደድኳት። የማይሰማ ድምፅ የሚባለውም አልከበደኝም፤ ፊቴ ሳይወርድ በፊት ክፍል ውስጥ ስንት ዘመን የእኔ ድምፅ እንደዚያ ነበር።

ቀዝቃዛ ጄል ለቀለቀችኝና የመሣሪያውን እጀታ ጉንጬ ላይ አሳረፈችው። ጢጥ ይላል። ከውጭ ምንም የለም፤ ከውስጥ ግን አጥንቴ ላይ የጋለ ነገር ይነክሰኛል። አገጬ ጋ ሲደርስ የጥርሴ ሥር ሁሉ ተሰማኝ። «ያማል?» ትለኛለች። «አይ» እላታለሁ። ዕንባዬ በጆሮዬ በኩል ይወርዳል። «ፊትዎ ያዘነ ስለሆነ መለየት ከበደኝ» አለች፤ ለቀልድ አልነበረም።

የግራው በኩል አልቆ ቀኙን ስትጀምር መብራት ሄደ።

ጨለማ አልነበረም፣ ቀን ነው። ግን መሣሪያው ዝም አለ። «አይጨነቁ፣ ጄኔሬተር አለ» አለችና ወጣች። ከታች ከሴራሚኩ ሱቅ ሰዎች ሲጯጯሁ ይሰማኛል፤ ናፍጣ ማን ይግዛ እየተባባሉ ነው። እኔ ግማሽ ፊቴ ተሠርቶ፣ ግማሹ መስመር ተሰምሮበት፣ ጄል ተለቅልቄ ጣራ ጣራውን አያለሁ። መብራቱ በዚያው ቢቀር በግራ ሰርግ፣ በቀኝ ለቅሶ ልሄድ ነው ብዬ አሰብኩ። በመጨረሻ ጄኔሬተሩ እያጓራ ተነሳ፣ ሐኪሟም ተመልሳ ቀኙን ጨረሰችው። ትንሽ የቸኮለች መሰለኝ። ምናልባት ናፍጣው ነው።

ሳምንት ሙሉ ምንም አልነበረም። ወርም ሆነ፣ ምንም። ለልጄ «ገንዘብሽን ለማይሰማ ድምፅ ከፈልሽ» አልኳት። ከዚያ አንድ ቀን ወተት የምታመጣልኝ ደንበኛዬ፣ ድሮ እዚህ ስንዴ ይዘሩ ከነበሩት ገበሬዎች ቤተሰብ የሆነችው፣ ጀሪካኗን አስቀምጣ አየችኝና «ዛሬ ምን አገኘሽ?» አለችኝ። ምንም አላገኘሁም። እሷ ግን ፈገግታ አይታለች። መስተዋት ፊት ሄድኩ። አገጬ ቦታው ተመልሷል ለማለት አልደፍርም፣ ግን መንገድ ጀምሯል። የከንፈሬ ጫፎች ቀና ብለዋል። ፈገግታ አይደለም፤ ሊመጣ የተዘጋጀ ዓይነት ነገር ነው።

ሰው ሁሉ የሆነ ነገር አስተውሏል፣ ምን እንደሆነ ግን አያውቅም። «ወፈርሽ» ይለኛል አንዱ። «ከሳሽ» ይለኛል ሌላው፣ በዚያው ቀን። ሁለቱንም አመሰግናለሁ።

በሚቀጥለው ሳምንት ሳልደውል፣ ጠዋት፣ ጓደኛዬ በር ላይ ቆምኩ። ካንኳኳሁ በኋላ ልሽሽ አሰብኩ። ከፈተች። አየችኝ። አልጮኸችም።

«አንቺ ሴትዮ! የት ጠፍተሽ ነው? ግቢ!» አለችኝ።

እስከ ምሳ ሰዓት ፀሐይ ላይ ተቀመጥን። ያልተነሳ ሰው አልነበረም። ሳቋ እኔ ግቢ ሲገባ ሳይሆን እዚያው አጠገቧ ሆኜ ሰማሁት። ስለ መሣሪያው አልነገርኳትም፤ ትራስ ቀይሬ ነው አልኳት። ወደ ቤቴ ስመለስ በሬን ዘግቼ አለቀስኩ። ደስ ብሎኝ ነው። ባለፈው ፊቴ ቢሆን ማንም አይለየውም ነበር።

ከዚያ በኋላ ጠዋቶቻችን ተመለሱ፤ ልጆቿም ደውይ ማለቱን ተዉት። ድስቱን ግን ይዤ መሄድ አልደፈርኩም።

ከዕለታት አንድ ቀን አመሻሹ ላይ የእድሩ ዳኛ ቤቴ መጡ። ቆባቸውን አውልቀው ስለ ዝናቡ ጀመሩ። ወዲያው ገባኝ። «ማነው?» አልኳቸው።

«የጎረቤትዎ... ያ የቡታጅራው...» አሉና ቆባቸውን ማገላበጥ ጀመሩ።

ወንድሟ ነው። ከሰዓት በኋላ ሆስፒታል ውስጥ አርፏል። ልጇ ሰምታለች፤ እናቷ በፌስቡክ እንዳታየው ስልኳን ወስዳ ደብቃዋለች። ጎህ ሲቀድ መርዶ፣ ከዚያ በሚኒባስ ቡታጅራ።

«እኔ አልቀድምም» አልኩ። «በዚህኛው ሌላ ሰው ፈልጉ።»

«ማን አለን? ጓደኛዋ ነዎት። ደም ግፊት አለባት፤ እርስዎ ሲገቡ ቀስ ብሎ ይገባታል።»

«እስቲ ፊቴን ይዩት።»

አዩት። «ምን ሆነ? ያው ነው እኮ» አሉኝ። ወንድ ልጅ ያያል ብዬ ተስፋ ማድረጌ የእኔ ጥፋት ነው። መሣሪያውን ልናገር አፌን ከፈትኩ፤ ሰው ሞቶ ስለ ጉንጬ ማውራት አሳፈረኝና ዘጋሁት።

ሲነጋጋ መስተዋት ፊት ቆምኩ። ሌሊቱን ሳለቅስ ነው ያደርኩት። ለወንድሟም ለእሷም አልቅሻለሁ። ለቅሶው ደግሞ ፊቴን አሳብጦ መሣሪያው የተዋትን መጨማደድ ሁሉ ሞላት። መስተዋቱ ውስጥ ያለችው ሴትዮ ጠገብ ብላ፣ በደንብ ተኝታ ያደረች ናት። ከንፈሬን ወደ ታች ልስብ ሞከርኩ። አልወረደም።

ከአጥሯ ውጪ ሰፈሩ ተሰብስቧል። ልጇ ሹራቧን ጠቅልላ ከሴቶቹ መሃል ቆማለች። ዳኛው በእጃቸው ምልክት ሰጡኝ። ገባሁ።

በሩን ራሷ ከፈተችው፤ ፀጉሯ ገና አልታሰረም። «ውይ፣ አንቺ ነሽ? እንዴት ደህና ሰዓት መጣሽ! ስልኬ ጠፋብኝ፣ ልጅቷም ሳትነግረኝ ወጥታለች» አለችኝ።

ቤቱ መሃል ሄጄ ቆምኩ። ዝም አልኩ። ሁልጊዜ የሚበቃው ይኸው ነበር።

ፊቴን አየችው። ጠበቅሁ።

«ምነው ቆምሽ? ዛሬ ደግሞ እንዴት አምሮብሻል! ተኝተሽ ነው ያደርሽው። የምትነግሪኝ ነገር አለሽ፣ አይደል?»

«አለኝ» አልኩ።

«አውቄያለሁ! ልጅሽ ልታገባ ነው!» ብላ ሳቀች። ያ አስፋልት የሚሻገር ሳቅ። ውጪ ያሉት ሁሉ ሰሙት። ዳኛው በኋላ እንደነገሩኝ ሐዘኑ አእምሮዋን የነካት መስሏቸው ሰዉን ወደ ኋላ መልሰዋል።

አፌን ከፈትኩ። ቃሉ አልወጣም። የዚያን ጊዜ ነው ዳኛው ምን እንደሚሆኑ የገባኝ፤ ቃሉ ጉሮሮ ላይ ተቀምጦ ሌላውን ነገር ሁሉ ያሳልፋል። «ጤፍ ጨመረ አይደል?» አልኳት።

«በዚህ ጠዋት ጤፍ? ምን ነካሽ አንቺ?» ብላ እንደገና ሳቀች። «ይልቅ ደውይልኝ፣ ስልኬ ከየትም ከየትም ይጩህ። ልጄ ትናንት አልደወለልኝም፣ ልደውልለት ነው።»

ልጄ ያለችው ወንድሟን ነው። የእሷ ስልክ የተዘጋ መስሎኝ፣ ጊዜም ላገኝ ብዬ፣ ደወልኩ።

ስልኳ ሲጠራ የሚያሰማው የልጅ ልጇን ድምፅ ነው፤ ራሷ ናት የቀዳችው። «አያቴ ስልክ! አያቴ አንሺ!» ይላል። ድምፁ ከአጥሩ ውጪ መጣ። «አያቴ አንሺ! አያቴ አንሺ!»

ሳቋ ከንፈሯ ላይ እንዳለ ቀረ። በአጠገቤ አልፋ ግቢውን አቋረጠችና የውጪውን በር ከፈተችው። ሰፈሩ በሙሉ ነጠላውን አዘቅዝቆ ቆሟል። ልጇ ስልኩን ከተጠቀለለው ሹራብ ውስጥ አውጥታ ልታጠፋ ትታገላለች፤ አልጠፋላትም። ስልኩ ውስጥ ሕፃኑ ይጮኻል።

ጓደኛዬ አልጮኸችም። ወደ እኔ ዞረች። ፊቴን ፈለገችው፤ ዓይኔን፣ ጉንጬን፣ አፌን፣ ሁልጊዜ የምታነብበትን ቦታ ሁሉ። ምንም አልነበረም።

«ማነው?» አለችኝ።

«ወንድምሽ ነው» አልኩ። «ትናንት ከሰዓት አረፈ።»

ከዚያ ጮኸች።

ሚኒባሱ ውስጥ እስከ ቡታጅራ አጠገቧ ተቀመጥኩ። ፊቷን ወደ መስኮቱ አዙራ ሄደች። ቀብሩም አለፈ። ወደ አዲስ አበባ ተመልሰን፣ በሰልስቱ፣ ሰው ትንሽ ቀለል ሲል ፍራሹ ላይ ጠጋ አልኳት።

«ሳቅሁ» አለችኝ ሳታየኝ። «እሱ ሬሳው ተጋድሞ እኔ ስለ ልጅሽ ሰርግ ሳቅሁ። አገር ሰማኝ።»

«አላወቅሽም እኮ።»

«አንቺን አይቼ ነዋ የሳቅሁት! አንቺን አይቼ!» ዞራ ተመለከተችኝ። «ፊትሽን ምን አደረግሽው?»

ነገርኳት። የማይሰማውን ድምፅ፣ ነጩን እርሳስ፣ መብራቱን፣ ናፍጣውን። በሌላ ጊዜ ቢሆን መሬት ላይ የምትንከባለልበት ወሬ ነበር። ከንፈሯ እንኳ አልተነቃነቀም።

«ለምን?»

«አንቺ እንዳትደነግጪ።»

«እኔ መደንገጤን መቼ ጠላሁት?» አለች። «የጠሉት ልጆቼ ናቸው። አንቺን አይቼ እደነግጣለሁ፣ ሰላም ሲሆን እፎይ እላለሁ። በከንቱ ብደነግጥ ምን ቸገረኝ? ከእንግዲህስ ምን አይቼ ልወቅ?»

አስተማሪ ሆኜ ስንት ጥያቄ መልሻለሁ፤ ይህን አልቻልኩም።

አትምጪ አላለችኝም። ጠዋት እሄዳለሁ፣ ታስገባኛለች። ግን በሩ ላይ ታቆመኝና ፊቴን ሳታይ «ተናገሪ» ትለኛለች። «ምንም የለም፣ ሰላም ነው» እላለሁ። «ማርያምን በይ» ትለኛለች። «ማርያምን» እላለሁ። ከዚያ ገብተን ፀሐይ ላይ እንቀመጣለን። ማንንም አናነሳም። ሰውን ማማት የሚቻለው እፎይ ሲባል ነው፤ እሷ ደግሞ እፎይ ማለት ትታለች። አንድ ቀን ከግቢዋ ስወጣ፣ ያንን ጉንጭ በጥፊ ባጠናግረው ብዬ ተመኘሁ፤ የራሴ መሆኑ ብቻ ነው የያዘኝ።

ወራት አለፉ። ከክሊኒኩ መልእክት መጣልኝ፤ ድጋሚ ሕክምናዎ ደርሷል፣ ለነባር ደንበኛ ቅናሽ አለ ይላል። ልጄ ቀጠሮ ልያዝልሽ አለች።

«አልሄድም» አልኳት።

«እማዬ፣ ይወርዳል እኮ!»

«ይውረድ።»

ልጄ እስከ ዛሬ አልገባትም። እኔ ግን በየቀኑ መስተዋት ፊት እየቆምኩ፣ ሰው አውቶብስ ቆሞ እንደሚጠብቅ ፊቴን ጠበቅሁት። መጀመሪያ የወረደው ቀኙ ነው፣ የጄኔሬተሩ በኩል። ከዚያ ግራው ተከተለ። አገጬ አንገቴ ላይ ተመልሶ ሲቀመጥ፣ የከንፈሬ ጫፎችም ሲዘቀዘቁ፣ አንድ እሑድ ጠዋት ከዕቃ ቤት ድስቱን አወጣሁ። በደንብ አጠብኩት። ነጠላዬን ለበስኩ። ሳልደውል ሄጄ አንኳኳሁ።

ከፈተች። ዓይኗን ወደ ጎን አድርጋ «ተናገ...» ብላ ጀመረች። ከዚያ አየችኝ።

ፊቷ አመድ መሰለ። «ማነው?» አለች፤ መልሴን ሳትጠብቅ ደግሞ እንደ ድሮው ጮኸች። የጎረቤት በሮች ሲከፈቱ ሰማሁ። ልጇ በፎጣ ወጣች። የእድሩ ዳኛ ነጠላቸውን እያዘቀዘቁ፣ አንድ እግር ጫማ ብቻ አድርገው እየሮጡ መጡና «ማነው አስተማሪ?» አሉኝ።

«ማንም የለም» አልኩ። «ድስት ልመልስ ነው።»

ማንም አላመነኝም፤ ከፊቴ ጋር አይሄድም። ጓደኛዬ ጠጋ ብላ ፊቴን በሁለት እጇ ያዘችው። የወረደውን ጉንጬን በአውራ ጣቷ ዳሰሰችው፣ አንዱን፣ ከዚያ ሌላውን። ማርያምን በይ አላለችኝም።

«እፎይ» አለች። በሩ ላይ ተደገፈች፣ ዕንባዋ መጣ፣ ደግማ «እፎይ» አለች። ወንድሟ ከሞተ ወዲህ ይህችን ቃል ከአፏ ስሰማ የመጀመሪያዬ ነው። እኔም ድስቱን አጥብቄ አቀፍኩ።

ከዚያ ድስቱን ከእጄ ወስዳ ክዳኑን አነሳችና ወደ ውስጥ ተመለከተች።

«ባዶውን ነው እንዴ የመለስሽው?» አለችኝ። «አንቺ ሴትዮ፣ አታፍሪም?»

እየሰደበችኝ አስገባችኝ።